ከጎባ እስከ ደሎ መና፤ የደጋ መንገድና የመኪና ጥንቃቄ

ተራራ የሰውን ጉልበት እንደሚፈትን ሁሉ የመኪናንም ጉልበት ይፈትናል። በሜዳ ላይ ተሰውሮ የቆየ ጥቂት ጉድለት ዳገት ሲወጡና ቁልቁለት ሲወርዱ ይገለጣል። ይህንንም በባሌ ተራሮች ላይ በዓይናችን ስላየነው፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ገጠር ለሚወጡ አንባብያን ይጠቅም ይሆናል ብለን የጉዟችንን ታሪክ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የጎባ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ በመጀመሪያ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ቀጥሎም የሐረናን ደን ሰንጥቆ ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል። ርቀቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ መንገደኛው በአንድ ቀን ውስጥ ውርጩንም፣ ጉሙንም፣ የቆላውንም ሙቀት ያያል። እኛም በታኅሣሥ ወር በዚሁ መንገድ የተጓዝነው ለደሎ መና ጤና ጣቢያ የክትባት መድኃኒት ለማድረስ ነበር። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ የሚበላሽ ስለ ሆነ፣ በበረዶ ሣጥን ተቀምጦ በመኪናችን ኋላ ተጭኗል። መኪናችንም በአራቱም ጎማዎቹ የሚጎትት፣ ሾፌሮች «ፎር ዊል» የሚሉት ዓይነት ነበር።

ሾፌራችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በደጋ መንገድ የነዱ ሰው ናቸው። በዋዜማው ማታ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ሲመረምሩ ቆዩና ወደ እኛ መጥተው፣ «ልጆች፣ የፍሬኑ ዘይት ጠቁሯል፤ ከተለወጠም ሁለት ዓመት አልፎታል። ነገ ጧት እዚሁ ለውጠነው ከሰዓት በኋላ ብንነሣ ይሻላል» አሉን።

እኛ ግን የመድኃኒቱን ነገር እያሰብን፣ «ጋሼ፣ ይህ መኪና በአራቱም ጎማ የሚጎትት አይደለም ወይ? ምን ያሠጋናል?» ብለን መለስንላቸው።

እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «አራቱም ጎማ መጎተቱ ለመውጣት ነው፤ ለመቆም ግን እንደ ማንኛውም መኪና ነው» አሉ። ከዚህ በላይ አልተከራከሩንም። በኋላ እንደ ተረዳነው ግን በዚያው ምሽት ከገዛ ኪሳቸው ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ገዝተው ከወንበራቸው በታች አስቀምጠው ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተው መኪናውን ሲያዘጋጁ አገኘናቸው። በመጀመሪያ የራዲያተሩን ውሃ አዩ። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ብርድ ነው፤ በሳነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ውሃ ሲረጋ እየሰፋ ሞተሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አጥብቆ ካልያዘ ሞተሩ በብርድ አገር መካከል ይፈላል። ከዚህ በኋላ የችንጋውን ጥብቀት፣ የባትሪውን ማያያዣ፣ የአየር ማጣሪያውን አቧራ፣ የባሌስትራውንም ቡሎኖች መረመሩ። አራቱም ጎማዎች በመጠንና በመበላት ረገድ እኩል መሆናቸውን አስተዋሉ፤ እኩል ካልሆኑ የፊተኛውና የኋለኛው ጎማ የሚዞሩት ልክ እየተለያየ በመካከል ያለውን ጥርሳ ጥርስ ያስጨንቀዋልና።

ጎባን ለቀን ዳገቱን ስንጀምር የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጃቸው አዙረው በአራቱም ጎማ እንዲጎትት አደረጉት። «ይህን በደረቅ አስፋልት ላይ አላደርገውም» ብለው አስረዱን፤ «ጠጠርና ጭቃ ጎማውን ጥቂት ስለሚያንሸራትቱት ማርሹ ይተነፍሳል፤ አስፋልት ግን አጥብቆ ስለሚይዘው መኪናው በመጠምዘዣ ላይ ራሱን በራሱ ይጎዳል።» ከፍ እያልን በሄድን መጠን ሞተሩ እየደከመ ሄደ። ይህም የአየሩ መሳሳት ያመጣው ነው፤ አየርን በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር በየሺሁ ሜትር ከኃይሉ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል። ታዲያ ሾፌሩ ነዳጅ በመጨመር ፈንታ ማርሹን ዝቅ አደረጉ። አየር ባነሰበት ቦታ ነዳጅ ቢጨምሩ ትርፉ ጥቁር ጢስ ብቻ ነው አሉን።

ሳነቴ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ በሣሩ ላይ የተጋገረው ውርጭ እንደ ጨው ያበራ ነበር። ጅብራው እንደ ዘበኛ በየቦታው ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ እያደነ ከመንገዱ ዳር አለፈ። ከዓለም ላይ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ይህ አውሬ በብዛት የሚኖረው በዚሁ በባሌ ነው። በስተ ምዕራብ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ «ቀዩ ተራራ» ማለት ሲሆን፣ ከፍታው 4,377 ሜትር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቱ የሚገባው መሆኑን ያየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እኛም ይህን ስናደንቅ፣ ፎቶግራፍም ስናነሣ ብዙ ሰዓት አሳለፍን።

ጥፋታችንም ከዚህ ይጀምራል። የዘገየነውን ሰዓት በቁልቁለቱ ለማካካስ ፈልገን፣ በዝቅተኛው ማርሽ ቀስ ብለው ሊወርዱ የነበሩትን ሾፌር «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይፍጠኑልን» እያልን አስቸገርናቸው። የሳነቴ ጠርዝ ወደ ሐረና ደን የሚወርደው እየተጠማዘዘ ነው። ጉሙ ከታች እየወጣ አስታውንና ኮሶውን ይሸፍነዋል። በየመጠምዘዣው ፍሬን ሲረገጥ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ወደ አፍንጫችን መጣ፤ ወዲያውም ሾፌሩ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ አየን። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባ ነበር።

በዚያች ደቂቃ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም። ሾፌሩ ፔዳሉን እየደጋገሙ ማርሹን ወደ ታች መለሱ፤ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት ሳቡ፤ በመጨረሻም መሪውን ከገደሉ ወገን ወደ ተራራው ወገን አዙረው የመኪናውን ጎን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር እያፋተጉ አቆሙት። ስንወርድ እግራችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር ውስጥ ውሃ ይጠጣል። በብዙ መኪና የሚገባው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት ላይ ደግሞ የፍሬኑ ግለት ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ የእግር ኃይል ወደ ጎማው አይደርስም። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ መኪናውን ቢይዘው ኖሮ ፍሬኑ ያን ያህል ባልጋለ ነበር።

ከሪራ መንደር ወገን የሚመጡ መንገደኞች አይተውን ፈጥነው ደረሱ። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ሳንጠይቃቸው ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረጉ፤ ከመካከላቸውም አንዲት እናት ቡና በጀበና አምጥተው አጠጡን። ሾፌሩ ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት አስጠበቁን። ከዚያም ሁለቱን ጠርሙስ አወጡ። ከእኛ አንዱ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ እሳቸው ከየጎማው ኋላ ያለችውን ትንሽ ማስተንፈሻ በቁልፍ እየከፈቱ ጥቁሩን ዘይት አፈሰሱ፤ ከላይም አዲሱን ጨመሩ። ከሩቁ ጎማ ጀምረው በቅርቡ ጨረሱ። የሚወጣው ዘይት ጠርቶ አረፋው ሲያልቅ ፔዳሉ ጠነከረ።

የቀረውን መንገድ በዝቅተኛው ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት ያህል ወርደን ከመሸ በኋላ ደሎ መና ደረስን። የጤና ጣቢያው ነርስ ሣጥኑን ከፍታ ሙቀቱን ስታነብ ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን፤ 7 ዲግሪ ነበር። አንድ ዲግሪ ብቻ ቀርቶት ነበር ማለት ነው። ግማሽ ቀን ለመቆጠብ ብለን መድኃኒቱንም ሕይወታችንንም በዚያች አንድ ዲግሪ ላይ አንጠልጥለን ኖሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ስለ እኛ ነው።

በማግስቱ ሾፌሩ የዴፍረንሻሉን ቡሎን አላልተው ዘይቱን በጣታቸው አዩ። የጋለ ዴፍረንሻል በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ስለሚኮማተር፣ መተንፈሻው የተበላሸ እንደ ሆነ ውሃ ይስባል፤ ውሃ የገባበት ዘይትም ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል። የእኛው ንጹሕ ነበር።

አማርኛ ለሚማሩ አንባብያን አንድ ነገር እንጨምር። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የሚባሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ መጥተው በጋራዥ አማርኛ የተዋሐዱ ናቸው። እነዚህን የሚያውቅ ባለሥልጣን ሾፌሩ የሚነግረውን ይረዳል። ነገር ግን ቃሉን መረዳት ብቻውን አይበቃም፤ እኛ «የፍሬን ዘይት» የሚለውን ቃል በሚገባ እያወቅን ምክሩን አልሰማንም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ከእንግዲህ ወዲያ ተራራ ከመውጣታችን በፊት ፍሬኑን፣ ራዲያተሩን፣ ጎማውንና ዘይቱን በጊዜው እናስመረምራለን። በመልሱ ጉዞ ዋዜማ ደግሞ የመነሻውን ሰዓት እኛ አልወሰንንም። «ጋሼ፣ መቼ ብንነሣ ይሻላል?» ብለን ጠየቅናቸው፤ እሳቸው ባሉትም ሰዓት ተነሣን።