ገመድ የሌላት ውሻ የማን ናት?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ነገር እንጨዋወታለን። ዛሬ ግን ከቤት ወጣ ብለን፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉበትን ግቢ አብረን እንድንዞር እጋብዝዎታለሁ። ቦታው ሩቅ አይደለም። ከሜክሲኮ አደባባይ በታክሲ ተሳፍረው፣ ሣር ቤትንና መካኒሳን አልፈው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያመሩ ጀሞ ይደርሳሉ። ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቶ፣ ከምድር ቤቶቹ ሱቆች የትኩስ ዳቦ ሽታ እየወጣ ይቀበልዎታል። እኔም ከነዚሁ ብሎኮች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከበረንዳዬ ሆነው ወደ ታች ቢመለከቱ፣ ከሰው በፊት ዐይንዎ የሚያርፈው በውሾች ላይ ነው። አንዱ በጥበቃው ጎጆ ደጃፍ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ሁለቱ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ይሻማሉ፤ አንዷ ለትምህርት ቤት የተሰለፉትን ሕፃናት የምሳ ዕቃ እያሸተተች ትከተላለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ግቢ የልጆች ይሆናል። ሴቶቹ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ መሥመር አስምረው ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ ወንዶቹ ኳስ ያንከባልላሉ፤ ትንንሾቹ በደረጃው ሥር አኩኩሉ ይጫወታሉ። ውሾቹም አልሄዱም፤ በመካከላቸው ናቸው።

ብዙዎቻችን ያደግነው በሌላ ዓይነት ግቢ ነው። በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ውሻው ቀን ይታሰር፣ ማታ ይፈታ ነበር። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በቀለም ይጻፋል። ማንበብ የማይችለውም ቢሆን የሰንሰለቱን ድምፅ ሰምቶ ይጠነቀቅ ነበር። ውሻው የማን እንደሆነም ይታወቃል፤ ቢናከስ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ነበረ። በከተማችን የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ከተስፋፋ ወዲህ ግን አጥሩም፣ በሩም፣ ደረጃውም የጋራ ሆነ። ውሻውም አብሮ የጋራ ሆነ። የጋራ የሆነ ነገር ደግሞ፣ የተቃጠለውን የደረጃ አምፖል የምናውቅ ሁሉ እንደምንመሰክረው፣ የማንም አይሆንም።

ለመሆኑ እነዚህ ውሾች ከየት መጡ? ከየትም አልመጡም፤ እኛ አመጣናቸው። የግቢያችንን የምግብ ዘመን ይከታተሉ። በብሎኮቹ መካከል ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራ የጋራ መገልገያ ቤት አለ። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በዚያ ቤት በግ ሲታረድ፣ የሆድ ዕቃውና የቆዳው ትርፍራፊ ከደጃፉ ይከመራል፤ ከሠፈሩ ማዶ ያሉ ውሾች ሳይቀሩ ይሰበሰባሉ። ልጆችም እርድ ለማየት ይሰበሰባሉ። ከዚያ በፊት ግን ሁዳዴ አለ፤ ለ55 ቀናት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ከየቤቱ የሚወጣውም የሽሮ ድስት እጣቢ ነው። ውሻ ጾም አያውቅም፤ ረሀቡን ግን ያውቃል። ስለዚህ በነዚያ ሳምንታት ዳቦ የያዘ ሕፃን በግቢው ሲያልፍ ጠጋ ጠጋ የሚለውን ውሻ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ የሚያየው ልጁን ሳይሆን እጁን ነው።

ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላሉ አበው። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ ለሰው ነቀፋ ይውላል፤ ለውሻ ግን ባሕርይው ነው። ማታ ከፉሪ ተራራ በኩል የጅብ ድምፅ ሲመጣ፣ ወይም የማይታወቅ ሰው በብሎኮቹ መካከል ሲንጎራደድ፣ የሚጮሁልን እነዚሁ ናቸው። ጥበቃዎቹም ብርዱንና ሌሊቱን የሚጋሯቸው ጓደኞቻቸው ስለሆኑ ከእራታቸው ይቆርሱላቸዋል። እኔም የበኩሌን አድርጌአለሁ። ከወጥ የተረፈ አጥንት በፌስታል አድርጌ ስወርድ፣ ልጆቹ «ቡላ» ብለው ስም ያወጡላት ዳለቻ ውሻ ጅራቷን እየቆላች ከደረጃው ሥር ትጠብቀኝ ነበር። ደግነት ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ክፋት ነው አልልም።

ሌላም ዓይነት አለ። እሑድ ጠዋት ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ወጣቶች ግዙፍ ውሾቻቸውን ያለ ገመድ ለቀው ያሯሩጣሉ። ሰንሰለቱ በእጃቸው ነው፤ በውሻው አንገት ላይ ግን አይደለም። እናት ልጇን አቅፋ ስትደነግጥ የሚሰጧት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አትፍሪ፣ አይናከስም።» እርሱን እንደማይነክስ አምናለሁ፤ የሚያበላው እርሱ ነውና። የአራት ዓመት ልጅ ግን ፊቷ ከውሻው አፍ ትይዩ ነው፤ ስትፈራ ትጮሃለች፣ ትሮጣለች፤ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ደግሞ ውሻ ሁሉ ይከተላል። ለመጫወት ቢከተላትም መውደቋ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ወጣት በትሕትና «ወንድሜ፣ ልጆቹ እስኪያልፉ እሰርልን» ቢሉት አብዛኛው ያስራል። አንዳንዱ ያኮርፋል፤ ያኩርፍ።

አሁን ወደ ቡላ ልመለስ። ነገሩ የሆነው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ከእኛ ሥር አንደኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የስድስት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል፤ እርሷ ከሥራ ወጥታ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆማ ስትደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። በመካከሉ ያሉትን ሦስት ሰዓት ተኩል ልጁን የሚጠብቀው ግቢው ነው። እንደ እርሷ ያላችሁ እናቶች ይህን ሒሳብ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜ ማታ እግሩን ልታጥብ ካልሲውን ስታወልቅ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አራት የጥርስ ቀዳዳ አገኘች። ቁስሉ ጠቁሮ ነበር። ልጁ ከሕመሙ ይልቅ እርሷን ፈርቶ «እንዳትመቺኝ» እያለ አለቀሰ። ቡላ ከደረጃው ሥር አራት ቡችሎች ወልዳ ኖሯል። ሐሙስ ዕለት አንዱን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ተነሥታበት፣ ሲሸሽ እግሩን ያዘችው። «ውሻ ብትነካ ወዮልህ!» ተብሎ ስለነበር፣ ካልሲውን ሳብ አድርጎ ሁለት ቀን ዝም አለ። በእንዲህ ያለ ነገር ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ጎረቤቴ ልጁን አዝላ ወደ እኔ ወጣች። «ውሻዋ የማን ናት? ክትባት አላት?» ስትል ጠየቀችኝ። «የማንም አይደለችም» አልኳት። ወርደን ጥበቃውን ጠየቅን፤ አዛውንት ናቸው፣ ልጆቹ ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል፤ «የግቢው ናት» አሉ። ከነዋሪዎች ኮሚቴ አንዱ «እኛ የመዘገብነው ውሻ የለም» አለን። በዚህ መሐል ከኋላዬ የቆመችው የራሴ ልጅ «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ አጥንት የምትሰጫት?» አለች። ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያውኑ ያደረግነውን ልንገርዎት፤ በቤትዎ ሊደርስ ይችላልና። የሁለተኛው ፎቅ እማማ የተፈጨ ቡና ይዘው መጡ፤ ቁስሉ ላይ ሊነሰንሱ ነበር። በአክብሮት አስተውናቸው ቁስሉን በሚፈስስ ውኃና በሳሙና አጠብነው። የሚመከረው አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ነው፤ አንድ ጀበና ቡና ተጥዶ እስኪወርድ ያህል ማለት ነው። የበሽታው ቫይረስ የሚተላለፈው በውሻው ምራቅ ነውና፣ ማጠብ ራሱ የሕክምናው መጀመሪያ ነው። ቢዘገይም መታጠቡ አይቀርም። እማማም «እንግዲያስ ጸበሉንም ይጠጣ፣ መርፌውንም ይወጋ» ብለው አስታረቁን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በሳምንት ውስጥም፣ ከዓመት በኋላም የሚታይበት አለ። ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ አስቀድሞ ሲሰጥ ነው። ቁስሉ ጠልቆ ከሆነ ሐኪሙ ከክትባቱ ጋር ሌላ መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ ይወጋል።

በማግስቱ ከጤና ጣቢያ የጻፉልንን ወረቀት ይዘን ተነሣን። ጎረቤቴ፣ ልጁ፣ እኔ፤ ጋሼም የሌሊት ተራቸውን እንደጨረሱ ሳይተኙ «እኔም እሄዳለሁ» ብለው አራተኛ ሆኑ። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከዚያም በመርካቶ በኩል ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅጣጫ፣ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠን ጉለሌ ገባን። ታክሲው ውስጥ አንዲት ሴት «የት ናችሁ?» ብላ ጠየቀችን። «ፓስተር» ስንላት ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፤ የልጁን ራስ ዳሰሰችው። አዲስ አበባ ላይ ፓስተር ሲባል የሠፈር ስም ብቻ አይደለም፤ ለረጅም ዘመን በውሻ የተነከሰ ሰው የሚሄድበት ማለት ነበር። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም ይጠራ ከነበረው የምርምር ተቋም ነው። በዚያው ያለው ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል።

ተራ ስንጠብቅ ለጎረቤቴ የአንድ ሌላ ልጅ ታሪክ አጫወትኋት። እ.ኤ.አ. በ1885 ሐምሌ ወር፣ ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አልዛስ በተባለው አገር ውሻ ይነክሰዋል። ከዚያ ተነሥተው ፓሪስ ወደ ፓስተር የሄዱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ልጁ፣ እናቱና የውሻው ባለቤት የሆነው ባለሱቅ። ፓስተር ከዚያ በፊት በሰው ላይ ያልጸና ክትባቱን በአሥር ቀናት ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ አስወጋው፤ ልጁም ዳነ። መጻሕፍት የሚያወሱት ስለ ሊቁ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ያ ባለሱቅ ነው፤ ከእናትየዋ ጋር ተጓዘ። ጎረቤቴ ሰምታ ወደ ጋሼ ተመለከተች፤ ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እናቶቻችን የሚፈሩት መርፌ ለብዙ ቀናት በተከታታይ በሆድ ላይ የሚወጋው የቀድሞው ክትባት ነበር። ልጃችን የተከተበው በክንዱ ነው፤ የሚመለስባቸውም ቀናት በካርዱ ላይ ተጽፈው ተሰጡን። አንዱንም ቀን ማሳለፍ አይገባም። ፋብሪካው ፈቃድ ባልሰጣት ቀን እኔ ወሰድኩት።

ቡላን ግቢው ሊገድላት ተነሥቶ ነበር። ልጆች ሳለን ማዘጋጃ ቤት በሌሊት መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጥል እንደነበር፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ በየመንገዱ የወደቁትን ውሾች እየዘለልን እናልፍ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ውሾቹ በዓመቱ ተመልሰው ይሞሉ ነበር። ሐኪሙ የነገረን ሌላ ነው፦ የነከሰችውን ውሻ አትግደሉ፣ እሰሩና አሥር ቀን ተመልከቷት፤ በአሥሩ ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነች በነከሰችበት ዕለት ምራቋ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ልጁ ግን እስከዚያ ክትባቱን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቆማል። በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው ከመቶ እስከ 99 የሚሆነው በውሻ የተያዘ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከተነከሱት መካከልም ከመቶ 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው።

በእነዚያ አሥር ቀናት የግቢውን ልጆች በደረጃው ላይ አስቀምጬ አነጋገርኋቸው። የምትበላን፣ የተኛችን፣ ልጆች ያሏትን ውሻ አትንኩ። ስትመጣባችሁ አትሩጡ፤ እጃችሁን ወደ ጎን ሰብስባችሁ እንደ ዛፍ ቁሙ፣ ዐይን ዐይኗን አትዩ። ብትወድቁ ተጠቅለሉ፤ አንገታችሁንና ጆሮአችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ብትነክሳችሁ ደግሞ ወዲያው ተናገሩ፤ ማንም አይመታችሁም። ይህን የመጨረሻውን ስል ልጆቹ ወደ እናቶቻቸው ዞር ዞር ብለው አዩ። ከእናቶቹም አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ዛፍ የመሆኑን ነገር ግን ወዲያው ጨዋታ አደረጉት፤ እስከ ማታ ድረስ ግቢው ሁሉ ዛፍ ሆነ።

ቡላ በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ነበረች። ቡችሎቹን አራት ቤተሰብ ወሰዳቸው። እርሷን ከጋሼ ጋር በገመድ ይዘን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን፤ ዘር የማምከኑንም ቀጠሮ ያዝንላት። ክትባቱን የሰጣት ወጣት ካርዱን ሊሞላ እስክሪብቶውን አንሥቶ «ባለቤት?» አለ። ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔም ጋሼን አየሁ። ከዚያ ስሜንና የቤት ቁጥሬን ነገርሁት።

አሁን ቡላ ቀን ከጎጆው አጠገብ በረጅም ገመድ ታስራ ትውላለች፤ ልጆቹ ገብተው ሲያልቁ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትፈታለች። ካርዷ በጎጆው ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሏል። የጎረቤቴ ልጅ እስካሁን በዚያ በኩል አያልፍም፤ ብሎኩን በጀርባው ዞሮ ነው የሚገባው። እኔም ከሥራ ስመለስ ካገኘሁት እጁን ይዤው አብረን እንዞራለን።