የደጀን ዱባ

ከዐባይ በረሓ ወጥተን ደጀን በደረስን ጊዜ ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበረና አንዲት እናት በእንግድነት ተቀብለው የዱባ ወጥ ሠሩልን። የዱባ ጥንተ አገሩ አሜሪካ መሆኑን ለተማሪዎች እናስተምራለን፤ የደረሰውን ከለጋው መለየትን ግን የተማርነው ከእርሳቸው ነው። ልጡን ጥፍር የማይበሳው፥ ከሐረጉ የተያያዘበትም ጫፍ የደረቀው የደረሰ ነው። ከነጫፉ ተቈርጦ በደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ ወራት ይቈያል።

የበላነው በቤታቸው የቀረው የመጨረሻው ዱባ መሆኑን በኋላ ዐወቅን። ልጆቹ ፍሬውን ለቆሎ በከበቡት ጊዜ እናታቸው ግማሹን ሰጥተው፥ ግማሹን ለክረምት ዘር በጨርቅ ቋጠሩ። የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በዚያች ቤት እንግዳም ተስተናገደ፥ ልጆችም ቀመሱ፥ የከርሞውም አልተረሳ። እኛም ከዚያ ወዲህ የዱባ ፍሬ አንጥልም።