የመጀመሪያ ሥራ ከገደል ሥር

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽሞ የወጣ ወጣት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት አመጣህ?» ተብሎ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ አሁን ምን ልትሠራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛው እንደሚከብድ የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። ለፊተኛው ቁጥር ተናግሮ መገላገል ይቻላል። ለኋለኛው ግን እናትም፣ ጎረቤትም፣ የቀበሌ ሰውም በየቀኑ መልስ ይጠብቃል። በእኛ አገር በደላንታ ብዙ ወጣት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ኦፓል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ያቀረብኩት የማዕድን ሥራን ለማወደስም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም። ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ከክፍል ሲወጡ ወዴት እንደሚሄዱ ካላወቅን፣ ምን ልናስተምራቸው እንደሚገባን ልናውቅ አንችልም ብዬ ስለማምን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ከቀሩት ውስጥ የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት ገብተዋል። የተረፈው ግን ብዙ ነው። ያ ሁሉ ወጣት እኮ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በተለይ በእኛ በኩል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎ በዘለቀ ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል ያልተመለሰው ልጅ ቀላል አይደለም።

የማዕድን ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ ጨው ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። የአዶላ ወርቅም ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ኦፓል ግን የእኛ ትውልድ ማዕድን ነው ማለት ይቻላል። በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ የታወቀው በ1980ዎቹ ሲሆን፣ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ነው። ይኸውም እኔ ገና አፌን በቅጡ ሳልፈታ መሆኑ ነው።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አምባ ሲሆን፣ ኦፓሉ የሚገኘው ከላይ ከሜዳው ሳይሆን ከገደሉ ጎን ነው። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በንጣፍ በንጣፍ ተደርቧል፤ በመካከሉ ባለች ከአንድ ሜትር እምብዛም በማትበልጥ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው ኦፓሉ የተሸሸገው። ስለዚህ ሠራተኛው በገደሉ ወገብ ላይ ቀጭን መንገድ ይዞ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ተራራው ሆድ እየቆፈረ ይገባል። ከላዩ ያለው ድንጋይ ተሰነጣጥቆ ከሆነ፣ ወይም ክረምት ገብቶ ውኃ ከሰረገ፣ ናዳ ይመጣል። በዚህ ምክንያት የሰው ሕይወት መጥፋቱ በየጊዜው ተሰምቷል።

ታላቅ ወንድሜ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቁሞ ወደዚህ ሥራ ከገባ አምስት ዓመት ሆነው። ስድስት ሆነው በቡድን ይሠራሉ። መሣሪያቸው ድጅኖ፣ መዶሻ፣ መሮና በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። ስንቅ የሚያቀርብላቸው ሰው አለ፤ ድንጋይ ሲሸጥ እሱም እንደ አንድ ሰው ድርሻውን ይወስዳል። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጊዜ ሰባት ሳምንት ሙሉ ቆፍረው ባዶ እጃቸውን ወጡ። በስምንተኛው ሳምንት ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው ገንዘብ ከአንድ ጀማሪ መምህር የሦስት ወር ደሞዝ በለጠ። ታዲያ ይህን ያየ የመንደር ልጅ ሰባቱን ሳምንት አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ስምንተኛውን ነው።

እኔ ወደዚህ ተቋም ስመጣ የተኛሁበት ፍራሽ፣ የለበስኩት ጃኬት፣ የምጽፍበት ደብተር ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ነው። ይህን የምናገረው ምስጋናዬን ለመግለጽ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድማችን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ይማራል። ባለፈው ወር በስልክ «አንተ ሦስት ዓመት ተምረህ የምታገኘውን እሱ በአንድ ማታ ያገኘዋል፤ እኔስ ለምን ልቆይ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ «ትምህርት ብርሃን ነው» ብሎ መመለስ አይበቃም። ልጁ ሒሳብ ሠርቶ ነው የመጣው፤ መልሱም በሒሳብ ሊሆን ይገባዋል።

እኔም ሒሳቡን አብረን እንድንሠራ ጠየቅሁት። ወንድማችን በአምስት ዓመት ውስጥ ድንጋይ የሸጠባቸውን ቀኖች ቆጠርን፤ ባዶውን የወጣባቸውንም ጨመርን፤ የስንቁንና የባትሪውን ዕዳ ቀነስን። በወር ሲካፈል የሚደርሰው ገንዘብ ከመምህር ደሞዝ እምብዛም አልራቀም። ጡረታ የለውም፤ የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ናዳም በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ታናሻችን ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «እንደሱ ቆጥሬው አላውቅም» አለ። ይሁን እንጂ አሳምኜዋለሁ ለማለት አልደፍርም። ታላቃችን ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው፤ «እኔ የገባሁት እሱ እንዳይገባ ነው።»

ደግሞም የማዕድን ሥራ በር ገደሉ ብቻ አይደለም። አንድ የክፍላችን ልጅ ወደ አሶሳ በኩል በወርቅ ፍለጋ ላይ ከተሠማሩ ባለሙያዎች ጋር በቀን ሠራተኝነት ጀመረ። መጀመሪያ ጉድጓድ ያስቆፍሩት ነበር። በኋላ የእጅ ጽሕፈቱ ንጹሕ መሆኑን አይተው በናሙና ከረጢቶች ላይ ቁጥር እንዲጽፍ አደረጉት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሁለት ከረጢት ቁጥር ቢለዋወጥ የላቦራቶሪው ውጤት ለሌላ ቦታ ይሆንና ወርቅ የሌለበት ተራራ ይቆፈራል። አንዲት ጓደኛችን ደግሞ በአንድ የኖራ ድንጋይ መፍለጫ የመኪና ምልልስ መዝጋቢ ሆና ተቀጥራለች። እሷን ያስቀጠራት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረችው ሠንጠረዥ የመሥራት ችሎታ ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲቀጠሩ ያልነገራቸው ሰው የሌለ ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ወጣት ከመሬት በታች በማዕድን ሥራ እንዳይሠማራ ይከለክላል። የሙከራ ጊዜ ከስድሳ የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛ ሥራ በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት ሰዓት አያልፍም። የአደጋ መከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው። በማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ደግሞ በባሕላዊ መንገድ ማዕድን የማምረት ፈቃድ የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። ፈቃድ ይዞ፣ ተደራጅቶ የሚሠራ ወጣት ከደላላ ጋር ሲከራከር መቆሚያ አለው። ፈቃድ የሌለው ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም።

እንግዲህ የመምህር ሥራ እዚህ ላይ ይገባል ባይ ነኝ። ኦፓል ቀለም የሚያሳየው በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ብርሃንን ስለሚበታትኑ ነው። የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ሲደርቅ እንደገና ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ወጣት እርጥብ ድንጋይ ይዞ ገበያ ወጥቶ «ቀለም የለውም» ተብሎ በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። የሳይንስ መምህሩ ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃና በአንድ ቁራጭ ድንጋይ ሊያሳየው ይችላል። የሒሳብ መምህሩ ድርሻና ዕዳ ያሰላል። የአማርኛ መምህሩ የሥራ ውል አስነብቦ «የቱ ጋ ነው የምትፈርሙት? ምን ላይ ነው የምትፈርሙት?» ብሎ ይጠይቃል።

አንዳንድ ሠልጣኞች «እንዲህ ካስተማርናቸው ወደ ጉድጓዱ ገፋናቸው ማለት አይደለም ወይ?» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ልጆቹ ብናስተምራቸውም ባናስተምራቸውም ይሄዳሉ። ልዩነቱ ዐውቀው በመሄድና ሳያውቁ በመሄድ መካከል ነው። ሒሳቡን ሠርቶ የሚቀርም አይጠፋም።

በሚመጣው መንፈቅ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ እንበተናለን። ከናንተ ውስጥ ወርቅ፣ ጨው፣ ድንጋይ ወይም አሸዋ ከሚወጣበት አካባቢ የምትደርሱ ትኖራላችሁ። እባካችሁ ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የት እንደሚውሉ ጠይቁ፤ ለመዋያቸው የሚሆን አንድ ትምህርት አዘጋጁ። እኔ የሥራ ውል የማንበብ ትምህርት አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ተማሪዬ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ በስልክም ቢሆን ጀምረናል።