ስሙን የሸሸገ ምስክር

ከከሚሴ ወጥቶ በወሎ ሼሆች ዘንድ የሚማር ደረሳ ቢሆን፥ አቋቋም ፍለጋ ጎንደር በአታ የሚሄድ የቆሎ ተማሪም ቢሆን፥ ስለ መምህሩ ሙያ የሚጠይቀው ከዚያው ተምሮ የተመለሰውን ሰው ነው። ምስክሩ በስሙ ይታወቃል፤ አቋቋም ተምሬአለሁ ካለም መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ሲዘምም ይታያል። ዛሬ በበይነ መረብ በውዝዋዜ አስተማሪ ላይ የሚፈርደው ግን ብዙ ጊዜ ስሙን ሸሽጎ ነው፤ ተማሪ ይሁን ተፎካካሪ አይለይም።

እርግጥ የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ የተናጋሪውን ስም ሳይሹ ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ ደካማው ኃያሉን የሚወቅስበት ሌላ መንገድ አልነበረውምና። ነገር ግን የውዝዋዜ አስተማሪ ንጉሥ አይደለም፤ እንጀራው በስሙ ላይ ነው። በደል የደረሰበት ተማሪ ስሙ ከአደባባይ ቢሰወር ይገባዋል፤ ነቀፋውን የሚያወጣው ሰው ግን ማንነቱን ይወቅ። ስለ እግር አጣጣል ብቻ የሚነቅፍ ሰው ግን የሚሰወርበት ምክንያት አይገኝለትም።