ፎቶው ጠርዝ ላይ ያለው ሰው

የስልኬ ካሜራ ደህና ስለሆነ ብዙ ሰው «እስቲ አንሳኝና ላክልኝ» ይለኛል። እኔም ደስ እያለኝ አነሳለሁ። ዘመድ ከተለየን ወዲህ ፎቶ «አለን፣ አልሞትንም» የምንልበት ደብዳቤያችን ሆኗል። ስለዚህ ስለ ፎቶ አቆራረጥ ትንሽ ልበል።

መጀመሪያ ስለ መጠኑ። የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ፕሮፋይል ክብ ነው፤ ዳር ዳሩን ይበላዋል። ስለዚህ ፊት መሀል ይግባ። ኢንስታግራም በ2010 እ.ኤ.አ. ሲጀምር አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፎቶ ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ግን ረዘም ያለውንም ሰፋ ያለውንም ፈቀደ። ለእኩል ጎን 1080 በ1080 ፒክስል፣ ቆሞ ለተነሳ ሰው ደግሞ ወርዱን 1080፣ ቁመቱን 1350 ብታደርጉት ጥሩ ይወጣል። እናንተ ካልቆረጣችሁት ማሽኑ ራሱ ይቆርጠዋል፤ እሱ ደግሞ የማን ጭንቅላት እንደሆነ አይጠይቅም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ፋሲካ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር በራቸው ላይ አነሳኋቸው። «ልጄ፣ ይቺን በፌስቡክ ለልጄ አድርስልኝ» አሉኝ። በስተቀኝ ውኃ ልትቀዳ የተሰለፈች ጎረቤታቸው አብራ ገብታለች። ፎቶውን ሳሳያት ደነገጠች። «በእናትህ ወንድሜ፣ እኔን አውጣኝ፤ እዚህ መሆኔን እንዲያውቁ የማልፈልጋቸው ሰዎች አሉ» አለች። እማማ ደግሞ «ጀሪካኑም ሰልፉም ይታይ እንጂ! ልጄ ኑሮዬን ይየው» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ በቀኝ በኩል ቆረጥኩት፤ በሩ ቀረ፣ ሰልፉ ሄደ። እማማ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል።

ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኬንያ የተሻገረው በእግሩ ነበር። ፎቶ ግን ይህን ድንበር ለመሻገር ደቂቃም አይፈጅበት።

ቀይ መስቀልም ይህን ያውቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ በጀመረው የጠፉ ዘመዶችን በፎቶ የማፈላለግ ሥራ የፈላጊው ፊት ይወጣል፣ እናቱን ወይም ወንድሙን እንደሚፈልግ ይጻፋል፤ ስሙ ግን አይወጣም። ዘመድ ፊቱን አይቶ ይለየዋል፤ ለሌላው ግን ፍንጩ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የተቆረጠ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. በጉግል ፒክስል ስልኮች የተቆረጠ ስክሪንሾት፣ የተወገደው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ እንደሚቀርና መልሶ ሊወጣ እንደሚችል ታወቀ፤ በኋላ ተስተካከለ። ደግሞም ፎቶ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ በዋትስአፕ እንደ ዶክመንት ስትልኩት፣ ካሜራው የተነሳበትን ቦታ መዝግቦ ከሆነ እሱም አብሮ ይሄዳል። በካሜራችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽን የሚለውን አጥፉት። ስትልኩም የተቆረጠውን እንጂ ዋናውን አለመላካችሁን እዩ።

ከመለጠፋችሁ በፊት እስቲ ጠርዙን ተመልከቱ። እዚያ የቆመ ሰው ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት። ካላገኛችሁት ቁረጡት፤ ፎቶው ቢጠብ ምናለ?

ሰላም ሁኑ።