ዳኑብን በክራንች

አበሻ እግሩን ሲያመው «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳል፤ በተለይ ሰው ፊት! አገር ቤት ይህ ልማድ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ኮንትራት ታክሲው በር ድረስ ይመጣል፣ የሰፈር ልጅም ክንዱን ይሰጣል። በአውሮፓ ወንዝ ላይ በመርከብ ሽርሽር ለመውጣት ካሰባችሁ ግን «ደህና ነኝ» የምትለዋ ቃል ታስከፍላለች። እኔ በልጅነቴ ፖሊዮ በነካው ግራ እግሬና በአንድ ክራንች፣ ቪየና ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋር፣ ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቡዳፔስት በዳኑብ ላይ ሰባት ሌሊት አሳልፌያለሁ። እስኪ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። መራመድ ለሚከብደው ሰው የወንዝ መርከብ ትልቅ ግልግል ነው። ሻንጣ አንዴ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ራሱ ይጓዝላችኋል። ማታ አንድ ከተማ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ሌላ ከተማ ትነቃላችሁ። እንደ ባህር ማዕበል ስለሌለው ክራንች የያዘ ሰው አይንገዳገድም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አንዱ ጥበቱ ነው። በ1992 ተጠናቆ ዳኑብን ከራይን ወንዝ ጋር ያገናኘው ቦይ፣ መርከብ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ የውሃ በሮች አሉት፤ ስፋታቸው 12 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ መርከቦች ረጅምና ቀጭን ተደርገው ይሰራሉ። ትልልቆቹ 135 ሜትር ቢረዝሙም ጎናቸው 11 ሜትር ተኩል አይሞላም። ኮሪደሩም የክፍሉም በር ጠባብ ነው። ዊልቸር ያለው ሰው የበሩን ስፋት በሴንቲሜትር ይጠይቅ! ሊፍት የሌላቸው መርከቦች አሉ፤ ያላቸውም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ሊፍቱ ወደ ጣሪያውም፣ ርካሾቹ ክፍሎች ወዳሉበት ወደ ታችኛው ፎቅም አይደርስም። ለቅናሽ ብላችሁ ታች ከያዛችሁ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስትቆጥሩ መዋላችሁ ነው።

ሌላው ከመርከቡ ወደ መሬት የሚያሻግረው ድልድይ ነው። የወንዙ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል ድልድዩ አንዴ አቀበት፣ አንዴ ቁልቁለት ይሆናል። ወደቡ ሲጨናነቅ ደግሞ መርከቦች ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ያኔ መሬት ለመርገጥ በሌላ መርከብ ውስጥ፣ አንዳንዴም በጣሪያው ላይ ማለፍ ግድ ነው። በ2018 እና በ2022 በድርቅ፣ በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በጎርፍ ምክንያት መርከቦች ቆመው መንገደኞች በአውቶቡስ ተጉዘዋል። የአውቶቡስ ደረጃ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እናላችሁ በመጀመሪያው ማታ አስጎብኚዋ «ቀስ ብሎ በሚሄደው ቡድን የሚመዘገብ አለ?» ስትል፣ እህቴ ከኔ ቀድማ «እሷ ጠንካራ ናት፣ ምንም አትሆንም!» አለች። ከፍቅር ነው፤ ታናሽ እህቷ እንድታንስባት አትፈልግም። በማግስቱ ግን የሊንዝ ኮብልስቶን ፍቅር አያውቅም። ክራንቼ በየድንጋዩ መሀል ሲሰነቀር ዋለ።

አጠገባችን ከዘራ የያዙ አንድ ጀርመናዊ አዛውንት ይቀመጡ ነበር። ማታ ማታ የነገው ፕሮግራም ሲነገር እጃቸውን አውጥተው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ «ስንት ደረጃ አለው? ስንት ሜትር ያስኬዳል? አግዳሚ ወንበር የት ነው?» ምንም አያፍሩም። ማንም ደግሞ አላዘነላቸውም፤ መልሱን ይሰጧቸዋል፣ አለቀ። በሁለተኛው ማታ እኔም እጄን አወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው ሌላ ሆነ። ዱርንሽታይን ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ በ1192 የታሰረበት ግንብ ፍርስራሽ አለ፤ አቀበቱ የሚቀመስ አይደለም። እህቴ ብቻዋን ወጣች፣ እኔ ወንዙ ዳር አካባቢው የታወቀበትን የአፕሪኮት ማርማላት በዳቦ እየበላሁ ጠበቅኳት። እያለከለከች ስትመለስ «እንኳን ቀረሽ!» አለችኝ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ዋልን።

ቪየና ደግሞ የሜትሮ ጣቢያዎቹ ሁሉ ሊፍት ወይም ደረጃ አልባ መግቢያ አላቸው። የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል የደቡቡ ማማ 343 ደረጃ አለው፤ የሰሜኑ ግን በሊፍት ይወጣል፤ 20 ቶን ገደማ የሚመዝነው ደወልም ያለው እዚያው ነው። ቪየና ስንት ዓመት የኖረችው እህቴ ይህን ያወቀችው እኔ ስጠይቅ ነው!

ቡዳፔስት በሌሊት በብርሃን የተጥለቀለቀው ፓርላማ ፊት ስናልፍ ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያው ሮጠ። ቀድሜ ተናግሬ ስለነበር አስተናጋጁ ሊፍቱ በሚደርስበት ሳሎን፣ ከፊተኛው መስታወት ስር ሁለት ወንበር ይዞልን ነበር። እህቴን «አንቺ ውጪ» ብላት እምቢ አለች። «እዚህ ይሻላል፣ ብርድ የለም» ብላ ጎኔ ተቀመጠች። «እሷ ጠንካራ ናት» የሚለውን ግን ዳግም አልሰማሁትም።

ለመሄድ ያሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሊፍቱ የትኛው ፎቅ እንደሚደርስ፣ ሻወሩ ደፍ እንዳለው፣ መርከቡ የት የት እንደሚቆም በጽሑፍ ጠይቁ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በሚሰራው የአውሮፓ ህብረት ደንብ መሰረት ፍላጎቱን ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያሳወቀ መንገደኛ ለመሳፈርና ለመውረድ ያለ ክፍያ እርዳታ ያገኛል። የመርከቡ አሰራር ለደህንነት የማያመች ከሆነ ግን ድርጅቱ አልቀበልም ሊል ይችላል፤ በሽርሽር ጉዞ ላይ አብሯችሁ የሚሄድ ረዳትም የራሱን ይከፍላል። ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ያሉት አራቱ አገሮች ሁሉ የሸንገን አባል ስለሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል።

ይሉኝታችሁን ግን ቤት ተዉት፤ ለሱ የሚሆን ሊፍት የትም አልተሰራም። መልካም ጉዞ!