ስንተኛ ወጣህ?

መርካቶ ያደገ ልጅ ከጆሮው የማይጠፉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «ስንት ነው?» የሚለው ነው። ከሸማ ተራ እስከ ቦምብ ተራ፣ ሱቅ ከተከፈተበት ሰዓት እስከሚዘጋበት ይጠየቃል። ሻጭ ይጠራል፣ ገዢ ዋጋ ይሰብራል፣ ደላላ መሀል ይገባል፤ በመጨረሻ ሁለቱም የተጎዱ መስለው ይለያያሉ። ሌላው ጥያቄ የሚመጣው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው፤ በጥርና በሰኔ፣ ካርድ ሲሰጥ። «ስንተኛ ወጣህ?» ይህኛው ክርክር አያውቅም። ቁርጥ ዋጋ ነው።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከ72 ተማሪ 19ኛ ወጣሁ። በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር። ካርዴን ይዤ ስገባ አባቴ ከአንድ ደንበኛቸው ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ደንበኛው ሸማ ተራ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ጨርቁን በጣታቸው ዳስሰው የተሠራበትን አገር የሚናገሩ ሰው ናቸው። ካርዱን ተቀብለው ልክ እንደ ጨርቅ ወደ ብርሃን አዞሩትና ቁጥሩን አዩ። «አሥራ ዘጠነኛ? ታዲያ እነዚያ አሥራ ስምንቱ የማን ልጆች ናቸው?» አሉ። አባቴ ሳቁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የተማሪ ውጤት በተነሣ ቁጥር እነዚያ አሥራ ስምንት ልጆች ፊቴ ይሰለፋሉ።

በእኛ ሰፈር ገበያው ባለቤት፣ ትምህርት ቤቱ እንግዳ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት መርካቶ የሚባል ቦታ አልነበረም፤ ገበያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዓመታት የአገሬውን ገበያ ከዚያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዞረውና በቋንቋው ገበያ ብሎ ጠራው፤ መርካቶ። ጣሊያኑ ሄደ፣ ስሙም ገበያውም ቀሩ። ዘመናዊ ትምህርት ቤቶቹ በየተራው ጉያ የተሰገሰጉት ከዚያ ወዲህ ነው። የአዲስ ከተማ ትምህርት ቤትን ብትወስዱ ጎረቤቱ አውቶቡስ ተራ ነው። በዚያ አካባቢ የተማርን ልጆች ደሴን፣ ጎንደርን፣ ጅማን ከካርታ በፊት የሰማናቸው ከአውቶቡስ ረዳት አፍ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን የከተሞቹን ስም ሲጠሩ ከኋላ ወንበር «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» የሚል አይጠፋም ነበር።

እንግዳ ደግሞ በባለቤቱ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። የእኛ ትምህርት ቤት ግን ይህን ነውር ጥሶ ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት አንድ ነገር ነበረው፤ ሚኒ ሚዲያ።

ሚኒ ሚዲያን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ደግነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሮ የማያውቀው ብዙ የለም። ከዳይሬክተሩ ቢሮ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ያረጀ አምፕሊፋየር፣ ጣሪያ ጠርዝ ላይ የተሰቀለ የጡሩምባ ድምፅ ማጉያ። ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ መዝሙሩ ሲያበቃ አምስት ደቂቃ፣ ዕረፍት ላይ ደግሞ ሩብ ሰዓት። ዜና ይነበባል፣ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፣ ግጥም ይቀርባል፤ ግጥሙ አብዛኛውን ጊዜ ስለ እናት ነው፣ አልፎ አልፎ ስለ ዓባይ። የሥነ ጽሑፍ ክበቡም፣ የቀይ መስቀሉም፣ የአካባቢ ጥበቃውም ማስታወቂያቸውን እዚያ ያስነግራሉ።

አምፕሊፋየሩ በየወሩ ይሞታል፤ በየወሩም ምናለሽ ተራ ሄዶ ይነሣል። ምናለሽ ተራ ሌላው ሰው የጣለው ሁሉ ዋጋ የሚያገኝበት ቦታ ነው። ቁራሌው ከየሰፈሩ ሰብስቦ ያመጣው ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን አንጀቱ ተዘርግፎ ይሸጣል። የሳይንስ ክበባችን ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ ምናለሽ ተራ ነበረው። ማግኔት ከተሰበረ እስፒከር ውስጥ እንደሚወጣ፣ የትኛው ሽቦ መዳብ እንደሆነና የትኛው ቀለም የተቀባ ብረት እንደሆነ እዚያ ከተቀመጡት ሰዎች ነው የተማርነው። በፈተና አልመጣም እንጂ።

የሚኒ ሚዲያው ዋና ድምፅ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚማር ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። እናቱ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ማዶ ጉልት ይሸጣሉ፤ እሱ ከሰዓት በኋላ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ቦንዳ ልብስ ይጣራል። የተከመረ ልብስ ላይ ቆሞ አላፊውን ሰው በድምፁ ብቻ ጎትቶ ማቆም ቀላል ሙያ አይደለም። የት ላይ መፍጠን፣ የት ላይ ዝም ማለት፣ የት ላይ ማሳቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ይዞ ማይክ ፊት ሲቆም 2000 ተማሪ ጸጥ ይላል። ዜና የሚጽፈው ራሱ ነው፤ ቃሉን ይመርጣል፣ ያበጥራል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ይሰርዛል። እኔ ድርሰት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ የእሱን ስርዝ ድልዝ ወረቀት አይቼ ነው። የወጣው 58ኛ ነው።

የዚያን ዓመት የወላጆች በዓል ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተከበረ። ሞንታርቦ ተከራየ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። ፕሮግራሙን የሚመራው እሱ ነው። «ከሰባተኛ ሀ ክፍል አንደኛ የወጣችው…» ብሎ ድምፁን ያንጠለጥለዋል፤ ስሙን ሲጥለው ግቢው በጭብጨባ ይፈርሳል። ከየክፍሉ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ተጠሩ፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንደኞቹ መዝገበ ቃላትም ተሸለሙ። (ያኔ ደብተር ትልቅ ሽልማት ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተሩንም፣ ዩኒፎርሙንም፣ ምገባውንም የከተማው አስተዳደር ስለቻለው ሸላሚዎች ሌላ ነገር ማሰብ ግድ ሆኖባቸዋል።) ዳይሬክተሩ አመሰገኑ፤ የክብር እንግዳው ተናገሩ፣ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም ሄደ። የሽልማቱን ስም ሁሉ የጠራው ልጅ ሽቦውን ጠቅልሎ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባ። ሌላ እጁ ባዶ ነበር።

ክፋት አልነበረም። ማንም ሊበድለው አላሰበም። ለዚያ ዓይነት ልጅ የሚሆን መስመር ካርዱ ላይ ስለሌለ ብቻ ነው።

የሒሳቡ ነገር ደግሞ አለ። በርበሬ በረንዳ የሚሠራ ልጅ ኪሎውን በዚህ ገዝቶ፣ የማስፈጫውን ጨምሮ፣ የከረጢቱን ቀንሶ በስንት ቢሸጥ ስንት እንደሚያተርፍ ወረቀት ሳይነካ ይነግራችኋል። ይኸው ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ኤክስን ፈልግ ሲባል ኤክስ የጠፋው እሱ ሰርቆት ይመስል አንገቱን ይደፋል። የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ እንዳነበብኩት በ1985 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ፣ ሬሲፌ በምትባል ከተማ፣ ሦስት ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ገዢ መስለው ሒሳብ ጠየቋቸው። ልጆቹ ከመቶ 98 መለሱ። ያንኑ ሒሳብ በቁጥር ብቻ አድርገው እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ሲሰጧቸው ከመቶ 37 ገደማ ወረዱ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኮልካታና በደልሂ የገበያ ልጆች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ በላዩም አንድ ነገር ጨመረ። በትምህርት ቤት ሒሳብ የሚሻሉት ልጆች የገበያው ስሌት ሲቀርብላቸው ተደናገሩ። ለካ ድልድዩ ከሁለቱም ወገን ነው የተሰበረው። ይህን ሳነብ የደነቀኝ ጥናቱ አይደለም፤ በርበሬ በረንዳና ትምህርት ቤታችን መሀል ያለው ርቀት ከ300 እርምጃ አለመብለጡ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ፤ ቁጥር ዘንድሮ ብቻውን ንጉሥ ሆኗልና። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆቱን ለማቆም ሲባል ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሆነ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። ፈተናው መጥበቁን አልቃወምም፤ በኩረጃ የተገኘ ውጤት በተነከረ በርበሬ ይመሰላል፣ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቤት ሲደርስ ይሻግታል። የምቃወመው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች የቁጥሩ ድንጋጤ መጀመሪያ ያረፈው ክበባት ላይ ነው። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ሰዓት ለቱቶሪያል ተሰጠ። የድራማ ልምምዱ «ከፈተና በኋላ» ተባለ። አንድ ቦታ እንዲያውም የሚኒ ሚዲያዋን ክፍል ተቆልፋ፣ የፈተና ወረቀት መጋዘን ሆና አገኘኋት። ጾም የሚያድር ሰው ጨው ቢቀንስ ይወፍራል እንደማለት ነው።

ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ የመርካቶ ልጅ ናቸው። በትምህርቱ አልሆነላቸውም፤ ጫማ ጠርገዋል፣ ከዚያ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያዘወትሩት አሪዞና ክለብ በተላላኪነት ሠርተዋል። አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር ልሞክር ብለው ተነሡ። ቀሪውን አገር ያውቀዋል። ሰዎች ይህን ታሪክ «ትምህርት ምን ያደርጋል» ለማለት ይነግሩታል፤ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የምሰማው። ያ ዘፋኝ ባይቀርስ? ያን ድምፅ የተሸከመ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የትኛው መምህር ሰማው? ከእሱ በፊትና በኋላ ዘፋኝ ያልቀረላቸው ስንት ናቸው?

በሌላ በኩል የአምቦውን ልጅ ተመልከቱ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት በትምህርት ቤቱ ታየ። አጋጣሚ አይደለም፤ አንድ ሰው መድረኩን ጠርጎ፣ መጋረጃውን ሰቅሎ፣ «ያንተ ይታይ» ብሎታል። ያ ልጅ አድጎ «አይ መርካቶ» የሚል ግጥም ጻፈልን። የእኛን ሰፈር የአምቦ ልጅ ሲገጥምለት፣ የእኛው ልጅ አምፕሊፋየር ተሸክሞ ወደ ጠባብ ክፍል እየገባ ነበር።

የማታ ተማሪዎችን ሳላነሣ ባልፍ ያሳፍረኛል። ቀን ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ የተሸከመበትን ጨርቅ አጣጥፎ ደብተሩ ሥር አድርጎ ይገባል። ለእሱ ክበብ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ የወላጆች በዓል የለም። «ወላጅ አምጣ» ቢባል ራሱ ወላጅ ነው። አንዱን እንዲህ ዓይነት ሰው ስንተኛ እንደወጣ ጠይቄው ነበር። «አልጠየቅኋቸውም፤ መጥቼ እንዳልቀር ነው የማስበው» አለኝ። እሱም ያው ካርዱ ላይ መስመር የለውም።

እዚህ ላይ ጽሑፌን የማቀርበው ለትምህርት ሚኒስቴር አይደለም። ለዳይሬክተሮችም አይደለም፤ እነሱ ቁጥር የሚጠይቃቸው አለቃ አለባቸው። የማናግረው መርካቶን ነው፤ አባቴን የመሰሉትን፣ የሸማ ተራውን ሰውዬ የመሰሉትን። እናንተ በዓይናችሁ አይታችሁ ዋጋ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ሌላው የጣለውን ዕቃ አንሥታችሁ፣ አራግፋችሁ፣ «ይሄ እኮ ይሠራል» ትላላችሁ። ልጆቻችሁ ጋ ስትደርሱ ግን ዕቃውን ሳታዩ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ አንብባችሁ ትመለሳላችሁ።

የዚያ የሚኒ ሚዲያው ልጅ እናት በወላጆች በዓሉ ዕለት አልገቡም። ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ነው። ግን ከግንቡ ማዶ ጉልታቸው ላይ ሆነው ድምፁን በሞንታርቦው ሰምተዋል። ከዓመታት በኋላ እንደነገሩኝ ሽንኩርት የምትገዛቸውን ሴት አቁመው «የኔ ልጅ ነው፣ የሚናገረው» ብለዋታል። ሴትዮዋ «አንደኛ ወጥቶ ነው?» አለቻቸው። «አይ፣ እሱ ነው የሚጠራቸው» አሉ።

እንግዲህ ሰኔ ሲመጣ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ወረቀት ይልክላችኋል። ሱቁን ለሁለት ሰዓት ለሠራተኛው ስጡና ግቡ። ድራማውን እዩ፣ የሳይንስ ክበቡ ከምናለሽ ተራ ለቅሞ የሠራውን ነገር አስነሥታችሁ እዩ፣ ማይኩን የያዘው የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁ። ለእሱም አንድ ነገር በኪሳችሁ ይዛችሁ ግቡ። ቦታ እናጣለን ብላችሁ አትስጉ፤ እኔ ባየሁት የመጨረሻው በዓል ላይ የወላጅ ወንበሩ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር።